ብቻዬን የበላሁበት በረንዳ

ለህንድ ትምህርት ያበቃኝ አንድ ያረጀ ኮት ነው። ነቀምቴ ገበያ ከአሮጌ ልብስ ክምር ውስጥ ያገኘሁት፣ ክርኑ ያለቀ፣ ገበሩ የተቀደደ ኮት ነበር። ያኔ አቡጀዲና ካኪ ከመስፋት ያለፈ ሙያ አልነበረኝም። ኮት ደረቱ ላይ ለምን ቀጥ ብሎ እንደሚቆም አይገባኝም ነበር። ስለዚህ አልጠገንኩትም። ስፌቱን በምላጭ ፈታሁትና ቁራጮቹን ወረቀት ላይ ዘርግቼ ዙሪያቸውን በእርሳስ አሰመርኩ። ከደረቱ ውስጥ ከፈረስ ጭራ ጋር የተሸመነ ሸካራ ጨርቅ ወጣ። ኮቱን ያቆመው ለካ ማንም የማያየው ነገር ነው። መልሼ ስሰፋው አንደኛው እጅጌ ወደ ኋላ ዞረብኝ። ፈታሁት፤ እንደገና ሰፋሁት።

ይህን ሁሉ ከሱቄ ደጃፍ ተቀምጣ ያየች አንዲት ሴት ነበረች፤ በከተማው ትምህርት ቤት ሂሳብ የሚያስተምረው ህንዳዊ መምህር ሚስት። በሳሪዋ ሥር የምትለብሰውን አጭር ሸሚዝ የምሰፋላት እኔ ነበርኩ። ሸሚዙ ገላ ላይ የሚጣበቅ ስለሆነ የጥፍር ያህል ስህተት አይችልም። ልኬቱን ከአሮጌ ሸሚዟ ላይ ወሰድኩ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰፊ ዘንድ አልሄደችም። ከገበያ የለቀመችው ኦሮምኛ «አከም ጅርታ» የሚለው ሰላምታ ብቻ ስለነበር ስትመጣም ስትሄድም እሱኑ ትላለች። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ከልቡ ያዝንላት ነበር። ሥጋ አይበሉ፣ እንቁላል አይበሉ።

«እነዚህ ሰዎች ጾማቸውን መቼ ነው የሚፈቱት?» ይለኛል።

«አይፈቱም።»

«እግዜር ይርዳቸው» ይልና መዶሻውን ያነሳል።

ያንን ኮት ለባሏ ያሳየችው እሷ ናት። መምህሩ ገልብጦ አየው፣ ገበሩንም ዳሰሰ፤ ከዚያም ቦምቤይ ላለው ታላቅ ወንድሙ ጻፈልኝ። እዚያ የልብስ ቅድ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ። ከውጭ አገር የሚመጣ ተማሪ ግን ተያዥ የሚሆነው ቤተሰብ ከሌለው አይቀበሉትም። ወንድምየው ተያዥ ሊሆነኝና በቤቱ ሊያሳድረኝ ተስማማ። እንግሊዝኛዬ ከመምህሩና ከአንድ ሽፋኑ ከወለቀ መዝገበ ቃላት የቃረምኩት ነበር።

ከነቀምቴ የወጣሁት በቡና ጭነት መኪና ነው። እናቴ «ነጋን ገሊ» አለችኝ፤ በሰላም ግባ ማለቷ ነው።  ባኮ ላይ መኪናው ተበላሽቶ ከጆንያው በላይ አደርን። ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ቦምቤይ። ከጅቡቲ በኋላ ቋንቋዬን የሚሰማ ሰው አላጋጠመኝም። መርከቡ ላይ ከኮቱ ቁልፎች ጋር አወራ ነበር ብል አልዋሸሁም፤ አንዱን ላላ ብሎ ሳገኘው «ምነው አንተ ደግሞ» አልኩት፤ ድምፄን ስሰማ ደነገጥኩ።

ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ ነው። የሚኖሩበት የመምህሩ አሮጊት እናትና ያ ታላቅ ወንድሙ ናቸው። ሰውየው የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሲሆን ሚስቱ ሞታበታለች። እኔ የተሰጠኝ በረንዳው ጥግ በጣውላ የተከለለ ማደሪያ ነበር። ንጹሕ ነበር፤ ዝናብም አያስገባም። የቦምቤይ ክረምት ግን የነቀምቴን ክረምት አይመስልም። የእኛ ዝናብ ብርድ ይዞ ይመጣል፣ ሰውም እሳት ዳር ይሰበሰባል። የእነሱ ዝናብ ሞቃት ነው፤ ሰውን ወደ ሰው አያስጠጋም።

የምበላው በረንዳው ላይ፣ ብቻዬን ነበር። መስኮቱ ላይ የሚቀመጥ የኔ የናስ ሰሃንና የኔ ኩባያ አለ፤ አጥቤ የምመልሳቸውም እኔው ነኝ። ሲመሽ አሮጊቷ ነጭ ሳሪዋን ሰብሰብ አድርጋ ትመጣለች። ሩዙን፣ ምስሩን፣ እርጎውን ከላይ ትጨምርልኛለች። ማንኪያዋ ሰሃኔን ነክቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ስንዝር ያህል ከፍ ይላል። እየጨመረች ፊቴን ታያለች፣ «ይብቃህ?» እንደማለት ራሷን ትነቀንቃለች፣ ከዚያ ትገባለች። ክፉ ሴት አልነበረችም። አንድ ሰሞን ምስሩን እንደወደድኩ አይታ በየቀኑ ጨመረችልኝ። ግን ትገባለች። በእኛ ቤት ለብቻው የሚበላ በሽተኛ ነው፤ አለበለዚያም ንፉግ። «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እዚያ በረንዳ ላይ ስንት ሩዝ በውሃ እንዳወረድኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነበር። ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ቅዱ በወረቀት ይወጣል፤ ወረቀቱ ካልተገጣጠመ መቀስ ማንሳት ክልክል ነው። ይህን እኔ ሳላውቀው ስሠራው ስለኖርኩ አልከበደኝም። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ቀልደኛ ነበር፤ መርፌ ስይዝ እያየ «ቀስ በል፣ አንበሳ አይደለም» ይለኛል። የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ስለነበር እስቅለታለሁ።

በመብራት በዓላቸው ዋዜማ የሠራሁትን የኮት አንገትጌ አስተማሪው ከጠረጴዛዬ አንስቶ ለክፍሉ ሁሉ አሳየ። ገልብጦ የውስጡን ስፌት አሳየ። «እንዲህ ነው» ብሎ መለሰልኝ። እስከ ቤት የሄድኩት በእግሬ አልመሰለኝም። ስደርስ ደጁ ሁሉ በትናንሽ የሸክላ ኩራዝ በርቷል። የምነግረው ሰው የለኝም። ወንድምየው ከሥራ አልገባም። አሮጊቷ ወጥ ቤት ደጃፍ ላይ በስኳርና በቅቤ የተድቦለበለ ጣፋጭ በትሪ ትደረድራለች። ስታየኝ ሳቀች፤ አንዱን አንስታ ከላይ ሰሃኔ ላይ ጣል አደረገችልኝ።

በእኛ አገር ደስ ያለው ሰው ብቻውን አይጎርስም። ጣፋጩን ቆረስኩት፣ ተነሣሁ፣ ደፉን ተሻገርኩ፣ ወደ አፏ አቀረብኩት።

«በሞቴ እማማ፣ አንዴ ብቻ!» አልኩ፤ በአማርኛ።

ወደ ኋላ ሸሸች። ከንፈሯን ነክቼው ነበር። አፏን በሳሪዋ ሸፍና ወደ ጓሮ ሮጠች፤ ወዲያው ውሃ ሲፈስ ሰማሁ፣ ደጋግሞ ሲፈስ። ስትመለስ ጸጉሯ ረጥቧል። ወደ እኔ ሳታይ ያንን ሁሉ ትሪ፣ ለበዓሉ የደከመችበትን ሁሉ፣ አወጣችና ለመንገድ ጠራጊዎቹ ሰጠችው። የቆረስኩት እጄ ውስጥ ቀለጠ።

ወንድምየው ሲገባ ቤቱ ውስጥ የበዓል ምግብ የሚባል ነገር አልነበረም። እናቱ የነገረችውን ሰምቶ ወደኔ ወጣ።

«ምን ልታደርጋት ነበር?»

«ላጎርሳት።»

«እጅ የላትም?»

«አላት። እኛ እጅ ያለውንም እናጎርሳለን።»

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ያለው ቃል ሁሉ ጠፋኝ። «ስለምንወደው» አልኩ።

በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሳይቆጣ አስረዳኝ። በእነሱ ዘንድ ከሌላ ወገን ሰው እጅ የበላ ሰው ወጥ ቤት አይገባም፤ እንግዳ ደፉን ተሻግሮ የተጠጋው ምግብም ይረክሳል። እናቱ እንዲህ ካለ ሰው፣ ልጇም ቢሆን፣ ውሃ ተቀብላ አትጠጣም። «እኔ መሥሪያ ቤት ከሁሉም ጋር ሻይ እጠጣለሁ፤ እሷ አታውቅም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቤቱ ግን የእሷ ነው። እዚህ ትቆይ እንደሆነ የምትወስነው እሷ ናት።»

ከቤቱ ከወጣሁ ተያዥ የለኝም፤ ተያዥ ከሌለኝ ትምህርቱ አበቃ። በማግስቱ የሆነውን ለዚያ ቀልደኛ ልጅ ነገርኩት።

«እኔ ጋ ና» አለኝ። «በአንድ ክፍል ስምንት ነን። አንተ ዘጠነኛ ሆነህ በቁምህ ትተኛለህ።» ሳልስቅለት ስቀር መቀሱን አስቀመጠ። «ያባርሩኛል ብለህ ነው?»

«አላውቅም።»

«እጅጌውን ገልብጠህ ሰፍተኸዋል» አለኝ። አየሁት፤ እውነቱን ነው። እንዲህ ያለ ስህተት ከዚያ አሮጌ ኮት ወዲህ ሠርቼ አላውቅም ነበር።

በዓሉ እስኪያልፍ አሮጊቷ ምግቤን የምትልከው በልጇ እጅ ነበር። ሲያልፍ አስጠራችኝ። እሷ ከደፉ ውስጥ፣ እኔ በረንዳው ላይ፣ ልጇ መሐል ቆሞ ያስተረጉማል።

«ልጄ ያለበት አገር ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል ወይ?» ብላ ጠየቀች።

«አዎ።»

«ለእንግዳም?»

«ይልቁንም ለእንግዳ።»

እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። ቀጥሎ የጠየቀችውን ልጇ ወዲያው አልተረጎመውም፤ መጀመሪያ እሷን አያት።

«ምራቴስ? ከሰው እጅ በልታ ታውቃለች?»

ያንን ቀን እንደዛሬ አየሁት። የእህቴ ሠርግ ነበር፤ ከነቀምቴ ወጣ ብሎ ጉቶ ጊዳ፣ በአጎቴ ግቢ። መምህሩ አልመጣም፤ ሚስቱ መጣች። እናቴ ሥጋ እንደማትበላ ስለምታውቅ አንጮቴ የሚባለውን የአገራችንን ሥራሥር ለብቻ ቀቅላ፣ ልጣ፣ በበርበሬና በዘይት አሽታ አቀረበችላት። ከዚያ ጠቅልላ ወደ አፏ ወሰደችው። «ኛዱ፣ ኢንተላ ኮ፣ ኛዱ» ትላታለች፤ ብይ፣ ልጄ፣ ብይ። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ያያሉ። በቤቷ የማን ወንበር፣ የማን ሰሃን የሚለውን ሥርዓት የምትጠብቅ ያቺ ሴት ዓይኗን ጨፈነች፣ አፏን ከፈተች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«በርበሬው ነው!» አለች አንዷ። «ውሃ ስጧት!»

«ተዉአት» አለች እናቴ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል።» ሁለተኛውን ጠቀለለች፤ እሱንም ጎረሰች።

ከዚያ በኋላ ሱቄ እየመጣች እስኪመሽ የምትቀመጠው ለሸሚዝ አልነበረም። ሳጥኗ ውስጥ ያልለበሰቻቸው ስድስት ሸሚዞች ነበሯት፤ የሰፋኋቸው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። በርበሬ ብለን ያሳለፍነው እንባ ከምን እንደመጣ ግን የገባኝ እዚያ በረንዳ ላይ፣ አሮጊቷ መልስ ስትጠብቅ ነው። አዎ ብል ሴትየዋ ወደ አገሯ ስትመለስ ወጥ ቤት የማትገባ፣ ከእጇ ውሃ የማይጠጣ ሰው ትሆናለች።

«የለም» አልኩ። «አንድም ቀን። ለብቻዋ ነው የምትበላው።»

ልጇ አየኝ። ያመነኝ አልመሰለኝም። ቢሆንም ቃል በቃል ተረጎመው።

አሮጊቷ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ፊቷ ግን ወረደ። አንዲት ቃል ብቻ ጠየቀች፤ ልጇም ተረጎመ።

«ብቻዋን?»

«አዎ።»

«ስትበላ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰውስ?»

ውሸት አንዴ ከተቆረጠ ጨርቅ አይሻልም፤ ወደ ኋላ አይመለስም። «ማንም» አልኩ።

የሳሪዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ አነሣች። ለልጇ ብዙ ነገር ተናገረች፤ እሱ ግን አልተረጎመልኝም። ግድግዳውን ይዛ ተነሣችና ገባች።

«ስለኔ ምን አለች?» አልኩት።

«ስለ አንተ አላነሣችም» አለኝ። «ያን ያህል ዓመት ልጅቱ ግድግዳ እያየች በላች ወይ ነው የምትለው።»

የዚያን ዕለት ማታ ልብሴን አጣጥፌ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ። ውጣ የሚለኝ ሰው አልመጣም። በማግስቱ ሲመሽ አሮጊቷ ራሷ ድስቷን ይዛ ወጣች። ሩዙን ጨመረች፣ ምስሩን ጨመረች፤ ማንኪያው እንደ ወትሮው ሰሃኔን ሳይነካ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ነበር። እንደምትገባ አውቄ አቀረቀርኩ። አልገባችም። ሰፌድ ይዛ መጣችና ከደፉ ወዲያ፣ ከኔ ፊት ለፊት፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ለነገ የሚሆነውን ምስር ትለቅም ጀመር። ጠጠር ስታገኝ ወደ ደጅ ትወረውራለች። አልፎ አልፎ በቋንቋዋ አንድ ነገር ትለኛለች፤ እኔም ምን እንዳለች ሳላውቅ በኦሮምኛ እመልሳለሁ፤ ትነቀንቃለች።

ልቤ ግን አላረፈም። የተቀመጠችው ለኔ ሳይሆን፣ ብቻዋን ትበላለች ላልኳት ምራቷ እንደሆነ አውቅ ነበር። እውነቱን ብነግራት ሰፌዷን ይዛ ትነሣለች። ስለዚህ ውሸቴን አልፈታሁትም። ሰሃኑ ባዶ ሲሆን እንደምትገባ ስለማውቅም ሩዙን በጥቂት በጥቂቱ እያነሣሁ በላሁ።