ዋጃ የቀረው ሲዲ

የጥርስ ሳሙና በሸተተኝ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ጥርስ ሳይሆን ሲዲ ነው። ቆቦ ባደግሁበት ቤት የጥርስ ሳሙና አንዱ ትልቅ ሥራው የተጫረ ሲዲ ማሸት ነበርና፣ እናቴ ሲዲውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በሻርፗ ጫፍ ከመሃል ወደ ዳር ቀስ እያለች አሽታው፣ ወደ በሩ ብርሃን አንስታ በአንድ ዓይኗ አይታው፣ ቢስሚላህ ብላ ለዴኩ ታጎርሰው ነበር። ዴኩን ከነቴሌቪዥኑ የላከችልን ጅዳ ትኖር የነበረችው አክስቴ ናት። ደስ ሲለው ያነባል፣ ሲከፋው ጥቂት አጉረምርሞ ይተፋዋል፤ አባቴም እንደ አስቸጋሪ እንግዳ ነበር የሚያየው።

እናቴ የፊልም ሰው አልነበረችም። የፊልም ሰው ያደረጋት ታናሽ ወንድሟ እንድሪስ ነው። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተችባቸው አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ስታገባም ተከትሏት መጥቶ እኛው ቤት ጎረመሰ፣ በተራው እኔን አዝሎ አሳደገኝ። መንጃ ፈቃድ አወጣለሁ ብሎ አዲስ አበባ ከሄደ በኋላ አልፎ አልፎ እየደወለ ቆይቶ፣ አንድ ቀን «ፊልም ሠርቻለሁ፣ በሲዲ ሲወጣ ታዩኛላችሁ» ብሎ የፊልሙን ስም ነገረንና ከዚያ ወዲያ የውሃ ሽታ ሆነ። ስንደውልለት የምትመልስልን፣ ስልኩ አገልግሎት እንደማይሰጥ የምትናገረው የማሽኗ ሴትዮ ብቻ ነበረች። እናቴ ሴትዮዋን አታቋርጣትም ነበር፤ ተናግራ እስክትጨርስ ታዳምጣትና «እሽ የኔ እናት፣ ስታገኝው እህትህ ፈልጋሃለች በይልኝ» ትላት ነበር።

እንግዲህ የወንድሟን ፊት የምታይበት አንድ መንገድ ብቻ ቀረ፤ እሱም ፊልሙ በሲዲ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። ቆቦ ቪዲዮ ቤት አልጠፋም፤ ግን ወንዶች ጫታቸውን ይዘው የሚታደሙበት ስለነበር ባለትዳር ሴት ደጃፉን አትረግጥም። ፊልሙ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት እየታየ ነው ይባላል፤ ለእኛ የሚደርሰን ግን የሲኒማው ገበያ ሲቀዘቅዝ በሲዲ ታትሞ፣ ደሴንና ወልድያን አልፎ ሸምሱ ጋ ሲገባ ነው። ሸምሱ አስፋልቱ ዳር ሲዲ የሚያከራይ ወጣት ነበር፤ ትርፍ ሥራው ደግሞ ትንበያ ነው።

ክረምቱ ገብቶ የዞብል ተራራ ጎርፍ ሲወርድ፣ አባቴና ጎረቤቶቹ ውሃውን ጠልፈው ወደየማሳቸው ለመምራት ዶማቸውን ይዘው ይሮጡ ነበር፤ የሰፈሩ ፊልም ወዳጆች ግን ሸምሱ በረንዳ ላይ ተጠልለው የትኛው ፊልም መቼ በሲዲ እንደሚወጣ ይከራከሩ ነበር። እናቴም ከገበያ ስትመለስ ጥላዋን እንደዘረጋች፣ እኔም ቀሚሷን እንደያዝኩ፣ ቆመን እናዳምጣቸዋለን። አንዱ ለመስከረም ይወጣል ይላል፤ ሌላው ባለፊልሙና አከፋፋዩ ተጣልተዋልና ለፋሲካም አይደርስ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ዋናዋ ተዋናይት አረብ አገር ሄዳለች፣ እሷ ሳትፈርም አይታተምም ሲባል ከአንድ የአላማጣ ሹፌር ሰምቷል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ነውና ሸምሱም የራሱን ያክልበታል፤ ሲዲው መጨረሻ ላይ የተበላሹና የሚያስቁ ቀረጻዎች ይኖሩታል ይላል። እናቴ ይቺን ስትሰማ ዓይኗ ይበራ ነበር፤ እንድሪስ ሥራ ማበላሸት ስለማይከብደው በዚያም በኩል ይገኛል ብላ ታስባለች። ቤት ስንገባ ሁሉንም ለአባቴ ትነግረዋለች፤ አባቴ «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ዶማውን መጥረግ ይቀጥላል። ለእኔ ግን ሁሉም እውነት ይመስለኝ ነበርና፣ አንድ ፊልም እንዴት ለመስከረምም ሊወጣ ለፋሲካም ሊቀር እንደሚችል ግራ ገብቶኝ እተኛ ነበር።

መስከረም ላይ ማሽላው እሸት ይዞ ልጅ ሁሉ ወፍ ጥበቃ ሲወጣ፣ በሌላ ፊልም ሲዲ መጀመሪያ ላይ የእኛው ፊልም ማስታወቂያ መጣ። ያንን የማንወደውን ፊልም ለማስታወቂያው ብለን ደጋግመን ተከራየነው። መኪና ይሮጣል፣ ሴት ታለቅሳለች፣ የሻይ ሰሐን የያዘ እጅ ሽው ብሎ ያልፋል፣ ከዚያ «በቅርብ ቀን» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። እናቴ እጁ የእንድሪስ ነው አለች። ጎረቤታችን እትዬ አበበች ደግሞ፣ እጅ ሁሉ እጅ ነው፣ ግን የእሱ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል አለች፤ እትዬ አበበች ማንንም ማስቀየም የማትወድ ሴት ነበረች። «በቅርብ ቀን» ማለት መቼ እንደሆነ ግን ሸምሱም አልነገረን፣ ከበረንዳው ሰዎችም ሁለቱ እንኳ አልተስማሙበትም።

ማሽላው ታጭዶ አውድማ በገባበት ሰሞን ሲዲውን ይዞ የመጣው አባቴ ነው። ፊልም ውሸት ነው የሚለው አባቴ። ከአውድማ ሲመለስ ጭድ እንደለበሰ ሸምሱ ጋ ጎራ ብሎ፣ ገና የገባውን ዕቃ ከማንም ቀድሞ ተቀብሎ፣ በጋቢው ሸፍኖ አመጣላት። እዚህ ላይ የሸምሱን አሠራር ልንገራችሁ። አንድ ፊልም በሁለት ሲዲ ነበር የሚታተመው፤ ሸምሱና ጎረቤት ከተማ ዋጃ ያለው ባልደረባው አንድ ፊልም በጋራ ይገዙና፣ አንዱን ሲዲ ቆቦ አንዱን ዋጃ እያከራዩ በሚኒባስ ይቀያየሩ ነበር። ያን ቀን መጀመሪያው ዋጃ ወርዶ ሁለተኛው ነው እኛ ጋ የነበረው። ሸምሱም አልደበቀም፣ «ጋሽ ሙሄ፣ አንዱ ዋጃ ነው፣ ነገ ይመጣል» ብሎታል። አባቴ ግን ዋጃም የራሳቸው ሲዲ አላቸው ማለቱ መስሎት፣ አላህ ይስጥህ ብሎ መጣ።

ከአሱር ሶላት በኋላ እናቴ፣ አባቴ፣ እትዬ አበበችና እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥን። ፊልሙ ሲከፈት ሰው ሁሉ ያለቅሳል። ማን እንደሞተ፣ የሚያለቅሱትም የማን ማን እንደሆኑ የሚያውቅ ከእኛ መሃል አልነበረም፤ ነገር ግን የአዲስ አበባ ሰው ፊልም ሲሠራ አወሳስቦ ነው እየተባለ ሲወራ ሰምተናልና ዝም ብለን አየን። ከዚያ የለቅሶ ቤት ታየ፤ ሻማ በርቷል፣ ከሻማው ኋላ ፎቶ ተሰቅሏል። ፎቶው የእንድሪስ ነበር። እዚሁ ቆቦ ፎቶ ቤት የተነሳው፣ የአባቴን የሠርግ ኮት ለብሶ፣ አንገቱን ወደ ቀኝ ዘመም አድርጎ። እናቴ ብድግ ብላ ቴሌቪዥኑን በእጇ ነካችው፣ ከዚያም ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ፊልም እኮ ነው፣ አንች» አላት አባቴ።

«ፊልም ኸሆነ ፎቶው ስለምን የውነት ሆነ?»

የአባቴ ዓይን ኮቱ ላይ ቀርቶ ነበር። ስልክ ጠፍቷል፣ ሰው ጠፍቷል፣ አሁን ደግሞ ፎቶው ከሻማ ኋላ ተሰቅሏል። እናቴ ማልቀስ ስትጀምር እኔም ጀመርኩ፤ እትዬ አበበችም ፊልም ነው፣ ፊልም ነው እያለች አብራን ታለቅስ ነበር። ለቅሶው እንደተሰማ የሰፈሩ ሴቶች መጡ፤ የመጣ ሁሉ ማን ነገራችሁ ብሎ ይጠይቃል፣ በቴሌቪዥን አየነው ሲባል ኢንናሊላሂ ብሎ ይቀመጣል። በቴሌቪዥን የታየ ነገር ዜና ነው ብለው ያሰቡም ነበሩ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ወንዶቹ ደጅ ተቀመጡ። እናቴን ከሁሉ ያንገበገባት ደግሞ ሻማው ነበር፤ የእስላም ልጅ በማን ወግ ነው የተቀበረው፣ ቀባሪው የማን ልጅ መሆኑን ሳያውቅ ነው ወይ፣ እያለች አንድ በአንድ ትጠይቀን ነበር።

አባቴ በነጋታው ማለዳ ሸምሱን ሊያናግረው ሄዶ የዋጃውን ሲዲ ነገር ያን ጊዜ ገና ገባው፤ ገባው ማለት እንኳ ይከብዳል፣ ብቻ የፊልሙ መጀመሪያ ዋጃ እንዳለ ተረዳ። ሚኒባስ ይዞ ሄደ። ሲዲውን አንድ ነጋዴ ተከራይቶ ቤቱ ወስዶት ነበርና፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ተቀምጦ እስኪጨርሱ አብሯቸው አየ። ረፋድ ላይ ተመልሶ፣ ከለቀስተኛው መሃል ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ገብቶ እናቴ ፊት ቆመ።

«ተነሽ» አላት፣ «ወንድምሽ ሻይ እየቀዳ ነው።»

የዋጃውን ሲዲ ከጋቢው አውጥቶ ለዴኩ ሲያጎርሰው፣ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። እንድሪስ የሻይ ቤት አስተናጋጅ ሆኖ፣ ሰሐኑን በአንድ እጁ አንስቶ፣ ደንበኛውን እያሳቀ በጠረጴዛዎቹ መሃል ሲመላለስ አየነው። እናቴ በእንባዋ መሃል ሳቀች፤ ከስቷል አለች፣ ፀጉሩን ማን እንዲህ አበላሸው አለች። ከሴቶቹ አንዷ ታዲያ ይህ ከመሞቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብላ ጠየቀች። ሸምሱ ተጠርቶ መጥቶ፣ የዛሬው የፊተኛው ነው፣ የትናንቱ የኋለኛው ነው እያለ ሲያስረዳ ሰዉ ይብስ ተደናገረ። እናቴ ግን ተነስታ ምንጣፉን መጠቅለል ጀመረች።

«እኔ ትላንት ሞቶ አየሁት፣ ዛሬ ቁሞ አየሁት» አለች። «ኸትላንት ዛሬ ይቀርባል። አልሐምዱሊላህ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ።»

ማንም ሊያርማት አልደፈረም። አባቴ ግን በሁለቱም ሲዲዎች ላይ ያለው የተቀረጸው ድሮ መሆኑን ያውቅ ነበርና፣ እስከ አረፋ ድረስ ልቡ አልተመለሰም፤ ከደቡብ የሚመጣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ሥራውን ትቶ ያይ ነበር። በአረፋ ዋዜማ እንድሪስ ሻንጣውን ተሸክሞ ከች አለ። ስልኩ ተሰርቆ ቁጥራችን አብሮ ጠፍቶበት ኖሯል፤ ባዶ እጁን ላለመምጣት ሲል ደግሞ ቆይቷል። ባለፊልሞቹ ፎቶ አምጣ ሲሉት ያለችው ያቺ የቆቦዋ ፎቶ ብቻ ስለነበረች ሰጣቸው። ለቅሶውን ሲነግሩት «እኔ እኮ የምሞተው መጨረሻ ላይ ነው» ብሎ እስኪያለቅስ ሳቀ፤ እናቴ በሻርፗ መታችው፣ መልሳ አቀፈችው።

እንድሪስ አምና አዲስ አበባ ውስጥ ታሞ ሞተ። በስልክ ተነገረን፣ ሬሳውንም ቆቦ አምጥተን በወጋችን ቀበርነው፤ ግራ የሚያጋባ አንድም ነገር አልነበረውም። እናቴ ግን መርዶውን በሰማች ቀን ብዙ አላለቀሰችም፤ ወደ በሩ እያየች፣ አባቴ በሕይወት ቢኖር ኖሮ እንደ ያኔው የፊተኛውን ሲዲ ሊያመጣ የት ይሄድ ነበር የምትል ትመስል ነበር።

አሁን የሸምሱ ሱቅ በነበረበት ቦታ ስልክ ይጠገናል፤ ልጆቼ ፊልም እስኪወጣ መጠበቅ ምን እንደሆነ አያውቁም፣ የፈለጉት ሁሉ እጃቸው ላይ ነው። ያ የእኛ ፊልምም በስልክ ይገኛል፤ ሁለቱ ሲዲ ተጋጥመው አንድ ሆነዋል፣ ጭረት የለው፣ ቀዳሚና ተከታዩም እንደተሠራው ነው። እናቴ እንይ ስላት እሽ ትልና ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ታያለች። እንድሪስ ሻይ ሲቀዳ ትስቃለች፣ ፀጉሩን ትነቅፋለች። ሻይ ቤቱ አልቆ መኪናው መሮጥ ሲጀምር ግን ስልኩን ትመልስልኛለች።

«እዚህ ላይ ይበቃናል፣ የኔ ልጅ» ትላለች። «ኸዚህ ወዲያ ያለው ያ ያስለቀሰን ሲዲ ነው፤ የኛ ፊልም የሚያልቀው ኸዋጃ በመጣው ነው።»

እኔም እዘጋዋለሁ።