የሁዳዴው አጥሚት

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛዋ አና ናት፤ የነርስነት ትምህርቷን ለአንድ ዓመት አቋርጣ፣ ከአንድ የክርስቲያን ሚሲዮን ጋር ባሕር ተሻግራ በነጻ ልታገለግል የመጣች የሃያ አንድ ዓመት ልጅ። ሁለተኛዋ ይታይሽ፣ ከዳባት በታች ባለ መንደር የምትኖር የገበሬ ሚስት። ሦስተኛው ቄስ ተገኘ ናቸው፤ የይታይሽ የነፍስ አባት። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ለአና በነጻ የማስተረጉም። የይታይሽን ሕፃን አልቆጠርኋትም። የአምስት ወር ልጅ ምንም አልሠራችም፤ የተሠራባት ናት።

ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ ልጄ ትርሲት ናት። እሷም ነርስነት ትማራለች። ባለፈው እሑድ ከጎንደር ደባርቅ ድረስ መጥታ አንድ ፎርም ፊቴ ዘረጋች። በክረምቱ ከአንድ ሚሲዮን ጋር ከድንበር ማዶ ወዳለ የስደተኞች መጠለያ ልትሄድ ነው።

«ቋንቋቸውን ታውቂያለሽ?» አልኋት።

«አስተርጓሚ አለ።»

«አስተርጓሚው ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! አባዬ፣ መጀመሪያ ፈርም፤ ከዚያ ትሰብከኛለህ።»

ፈረምሁ። ስብከቱም ይኸው።

ውርጭ ገብሱን የመታበት ዓመት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ የቋጠረችልኝን የባቄላ ቆሎ እየቆረጠምሁ፣ አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚያሰጥም መንገድ ከዳባት ቁልቁል አንድ ሰዓት ወደ ይታይሽ መንደር እሄዳለሁ። ሚሲዮኑ በመንደሩ ዳር በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ሕመምተኞችን ያክማል፤ ለከሱ እናቶችም የአጥሚት ዱቄት ያድላል። ዱቄቱን ጓዳ ውስጥ የምንቀላቅለው አናና እኔ ነን፦ አጃ፣ ስኳር፣ ከጣሳ የሚወጣ የወተት ዱቄት።

ይታይሽ የመጣችው ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሳንባዋን ታማለች፤ ጡቷ ደርቋል፤ ልጇ ለማልቀስ እንኳ አቅም አጥታለች። አና ኪኒኑንና የዱቄቱን ከረጢት ሰጠቻት። ይታይሽ ከረጢቱን አሸተተችና ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ተማሪ፣ ይህ ነገር ወተት አለበት?»

አለበት ካልኋት ጥላው እንደምትሄድ አውቃለሁ።

«የለበትም፤ እህል ነው» አልሁ።

«እስቲ በማርያም በል።»

«በማርያም!»

ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። «እንግዲህ ኃጢአቱ ባንተ አንገት!»

አና «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። «እንዴት እንደሚፈላ» አልኋት። በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም ዋሸሁ፤ ብልህ የሆንሁም መሰለኝ። ለበጎ ብሎ የሚዋሽ ሰው ከሌላው ውሸታም የሚከፋው በዚህ ነው፤ ሌላው ቢያንስ ማታ ሲተኛ ራሱን አያመሰግንም።

ወረፋ የያዙት ሴቶች መሐላዬን ሰምተው እነሱም ወሰዱ። በአምስት ሳምንት የይታይሽ ጉንጭ ሞላ፤ ጡቷ ወተት ያዘ፤ ልጇም ሰው ስታይ መሳቅ ጀመረች። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ነበርሁ። ይታይሽ ነጠላዋን አጣፍታ ስትቆርብ አየሁ። ልናገር እችል ነበር። ዝም አልሁ።

በትንሣኤ ማግስት አና ደስ ብሏት፣ ለበዓል ይሁንሽ ብላ አንድ ሙሉ ጣሳ ሰጠቻት። ጣሳው ላይ የላም ሥዕል አለ። ይታይሽ ማንበብ አታውቅም፤ ላም ግን ታውቃለች። ቤቷ ከፍታ ቀመሰችው፤ የአጥሚቱን ጣዕም አገኘችበት። በማግስቱ ጣሳውን ይዛ መጥታ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው።

«በማርያም ብለኸኝ አልነበር?» አለችኝ። አልጮኸችም። «ቆርቤበታለሁ እኮ።»

አና «ምን አለች?» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሏን በትክክል አስተረጎምሁ። አና ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች፤ እስክሄድ ድረስ ወደ እኔ አልዞረችም።

«ሚሲዮኖቹ የመጡት ጾማችንን ሊያስገድፉን ነው» የሚል ወሬ ድሮም ነበር። ማስረጃውን ያቀበልሁት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዲት እናት እንኳ አልመጣችም።

ቄስ ተገኘ ዘንድ ሄጄ እግራቸው ሥር ወደቅሁ።

«ይፍቱኝ አባ። እንድትድን ብዬ ነው።»

«ተነሥ» አሉኝ። «የታመመችን እናት በግድ የሚያስጾም ማን ነው? አንዲት ቃል ብትጠይቀኝ ፈቅጄላት በሰላም በጠጣችው ነበር። ልጄ፣ እኔን መጠየቅ ምን ከበደህ?»

እውነቱ፣ መጠየቅ ሐሳቤ ውስጥም አልነበረም። አራት የእንግሊዝኛ ቃል የያዝሁ እኔ፣ እሳቸውን ምክንያት የማይገባቸው ኋላ ቀር አድርጌ ቆጥሬያቸው ነበር።

ቄስ ተገኘ ቤቷ ድረስ ሄደው ፈቷት፤ ሕክምናሽን ቀጥዪ ብለውም መከሯት። መስቀላቸውን ተሳለመችና፣ «አባ፣ እርስዎን አምናለሁ። እነሱ የሚሰጡኝ ምን እንደሆነ ግን በምን አውቃለሁ?» አለቻቸው። ጾሙ ተፈቷል፤ ወተት ለሁሉም ተፈቅዷል። እሷ ግን ኪኒኑንም ተወችው።

ክረምት ገባ። የሊማሊሞ ጉም ሽቅብ ወጥቶ አገሩን ሸፈነው። ሕፃኗ በሐምሌ ሞተች። አባቷ በነጠላ ጠቅልሎ በጭቃው ተሸክሟት ሲሄድ ከርቀት ተከተልሁ፤ ለመቅረብ ፊት አልነበረኝም። ይታይሽም የሚቀጥለውን ሁዳዴ አላየችም።

ይህን ሁሉ ለትርሲት ነገርኋት። ስብከት ስጀምር የምትቀልደው ልጅ አልቀለደችም፤ ፎርሙን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ደግሞም አልቀረችም፤ ትሄዳለች፤ ሂጂም ብያታለሁ። የተራበ ሰው እውነቱን የመስማት መብቱን አብሮ አያጣም፤ ይህን ያዥ አልኋት።

ውሸቱ ስንት አስከፈለ ለሚል እነግረዋለሁ። ይታይሽን ልጇንና የራሷን ነፍስ፤ ባሏን ቤቱን። ሚሲዮኑ ቤቱን ዘግቶ ሄደ፤ መንደሩ ለብዙ ዓመት ያለ ሐኪም ቀረ፤ በዚያ የሞተውን የቆጠረ የለም። አና ዓመቷን ሳትጨርስ እያለቀሰች አገሯ ገባች፤ እሷ ባልዋሸችው ውሸት። ቄስ ተገኘ «ከሚሲዮኖቹ ወገን ናቸው» ተብለው እስኪሞቱ ታሙ። እኔ ኀፍረቱ ከብዶኝ ከትምህርት ቤት ቀረሁ፤ የማውቀውን ሁሉ በኋላ ብቻዬን አነበብሁት። ከሁሉም ያነሰውን የከፈልሁ እኔ ነኝ፤ ልጄ አድጋልኛለች።