የእድሩ ሰዎች ክፍል ሁለትን ያዩ ዕለት

በዘጠናዎቹ ዳላስ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ፊልም የሚያሳይ ሰው አልነበረም። ይህን ሌሎችም ይሉ ነበር፤ ያልሰማ ካለ ደግሞ እኔው እነግረዋለሁ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከሰባተኛ ክፍል ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ ሲኒማ ቤት በጠራጊነት ገብቼ፣ ማሽን ክፍሉን እየጠረግሁ፣ ማሽኑ ሲፈታና ሲገጠም ዓይኔን ሳልነቅል እያየሁ ሙያውን ወሰድኩት። አሜሪካ ስመጣም የማሽኑን መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። ያስተማረኝ ሰው የለም።

የምሠራበት ሲኒማ ቤት ኦክ ሎውን የሚባለው ሰፈር ነበር። አንድ አዳራሽ፣ ሁለት አሮጌ ማሽኖች፣ ወንበራቸው የተላጠ ጥቂት ረድፎች፤ ያለው ይኸው ነው። ሰፈሩ ወንድ የሚወዱ ወንዶች የበዙበት ስለሆነ ባለቤቱ ለእነሱ የሚሆን ፊልም አዘውትሮ ያመጣ ነበር። እኔ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ሥራዬን እየሠራሁ ወደ ሸራው አላይም ነበር። ወደ ታች፣ ወደ ተመልካቹ ነበር የማየው፤ እሱን ከማሽን ክፍሉ ትንሿ መስኮት ሆኖ ማየት እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። ሰው በጨለማ ውስጥ ሲስቅ ፊቱ ሌላ ነው። ኮሜዲ ሲሆን ሳቁ ቀጣዩን ንግግር እንዳይውጠው ድምፁን ከፍ አደርግና ሳቁ ሲበርድ ዝቅ አደርገዋለሁ። ይህን ማንም አላዘዘኝም፤ የራሴ ፈጠራ ነው።

ከፊልሞቹ ሁሉ ሰው የወደደው ስለ አንድ ኬክ ጋጋሪና ስለ አንድ የጥርስ ሐኪም የሚተርከውን ነበር። ሁለቱም ወንዶች ናቸው፤ በክፍል አንድ ተገናኝተው ተዋደዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ክፍል ሁለት መጣ። በዚህኛው አብረው ይኖራሉ፣ የጋጋሪው እናት ሻንጣዋን ይዛ ትመጣባቸዋለች፣ ቤቱ ይታመሳል። ቀልዱም ከፊተኛው የባሰ ባለጌ ሆነ። ዓርብ ጠዋት ብቻዬን ስሞክረው ሰው እንዳይገባብኝ ሁለት ጊዜ ማሽኑን አቁሜ በሩ መቆለፉን አይቻለሁ።

ጣጣው እኔ ራሴ ያመጣሁት ነበር። በዚያ ወር የእድራችን ሊቀመንበር ሊመረጥ ነው። አጥብቄ ፈልጌዋለሁ፤ አልደብቅም። ተወዳዳሪዬ ከዳላስ ወጣ ብሎ አዲሰን ውስጥ ቢሮ ያለው የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፣ ዲፕሎማውን በፍሬም አድርጎ የሰቀለ። በአንዱ ስብሰባ ላይ ስለ ዲፕሎማው ሲያወራ አላስቻለኝም፤ ተነሣሁና፣ «እኔ ደግሞ ሲኒማ ቤት አለኝ» አልኩ። የእኔ ነው ማለት ይቻላል፤ ያለ እኔ አይሠራም። የነፃ መግቢያ ካርድ ለሁሉም አደልኩ። በዚያ ሳምንት የሚታየው የአንድ ሽማግሌና የፈረሱ ታሪክ ነበር፤ ቄስ የሚጋበዝበት ፊልም። «በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ኑ» ብዬ ተቀመጥኩ።

ዓርብ ዕለት ፈረሱ ሄደ፣ ክፍል ሁለት ገባ። ስልክ መደወል ነበረብኝ። ግን ምን ልበል? «የእኔ ያልኳችሁ ሲኒማ ቤት ምን እንደሚያሳይ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው» ልበል? ደግሞስ ሐበሻ በተጋበዘበት ቀን መቼ መጥቶ ያውቃል ብዬ ተውኩት።

መጡ። ያውም ከሰዓቱ ቀድመው። በሦስት መኪና ተጭነው፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጥተው ከበሩ ፊት ለፊት ፓርክ አደረጉ። የሒሳብ ሠራተኛው ከሚስቱ ጋር ነበር። ከፊት ከፊት የሚመሩት ግን ከሐይቁ ማዶ ሮውሌት ከልጃቸው ጋር የሚኖሩት እትዬ ነበሩ፤ በእድሩ ውስጥ እሳቸው ያላሉት ነገር አይጸድቅም።

«አንተ፣ የፈረሱ ሥዕል የታለ?» አሉኝ ግድግዳውን እያዩ።

«ተቀይሯል እትዬ። ይሄኛው… የቤተሰብ ታሪክ ነው።»

«ደግ። ፈረስ ድሮም አልወድም።»

ከኋላ በሦስተኛው ረድፍ ሁለት ደንበኞቼ ተቀምጠው ነበር። ክፍል አንድን በዚያው ቦታ ሆነው ስንት ጊዜ አይተውታል። አንደኛው በዚያ ዘመን ብዙዎችን በጨረሰው በሽታ ከስቶ በከዘራ ነበር የሚሄደው። ዓርብ ማታ መጥቶ ሳሉ ሲጠናበት ከመካከሉ ወጥቷል። በሩ ላይ ይዞኝ፣ «የመታጠቢያ ገንዳውን ነገር ሁሉም አይተው ያወሩልኛል። እንዳትነግረኝ። እሁድ በቀን እመጣለሁ፣ ቀን ቀን ይሻለኛል» ብሎኝ ነበር። ይኸው መጣ። የእድሩ ሰዎች ደግሞ ልክ ከፊቱ ያለውን ረድፍ ሞሉት።

ወደ ላይ ወጥቼ ማሽኑን አስነሣሁ፤ ዓይኔን ከመስኮቱ አልነቀልኩም። ያልጠበቅሁት ሆነ። የእኛ ሰዎች ይስቃሉ! ሁለቱ ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ፣ ሲተቃቀፉ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ሲሳሳሙ ማንም ዞር አላለም። እኛ አገር ወንድ ከጓደኛው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው የሚሄደው፣ ምን ይገርማል? ክፍል አንድን አላዩም፤ እንግሊዝኛውም ይፈጥንባቸዋል። ስለዚህ እናታቸውን ያስቸገሩ ወንድማማቾች አድርገው ተቀበሏቸው። እናትየዋ የጥርስ ሐኪሙን ሸሚዝ ወስዳ ወለል ስትወለውልበት እትዬ ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ። ከኋላ ያሉት ፈረንጆች በእሳቸው ሳቅ እንደገና ሳቁ። በሙያ ዘመኔ ሁለት ዓይነት ሕዝብ በሁለት ዓይነት ምክንያት እኩል ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ግን የሚመጣውን አውቃለሁ። አምስተኛው የፊልም ጥቅል ላይ ሁለቱ ገንዳ ውስጥ ናቸው። አሳሳማቸው ያን ጊዜ የወንድም አይደለም። ከዚያ እናትየዋ በሩን በርግዳ ትገባለች፣ ሁለቱም ደንግጠው እንደተፈጠሩ ይቆማሉ፣ ሸራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ራቁት መቀመጫ ብቻ ይሆናል።

አዲስ አበባ ሳለሁ ሳንሱሩ ያዘዘንን ቦታ መዳፋችንን ሌንሱ ፊት ዘርግተን እናሳልፍ ነበር። ድምፁ ይሄዳል፣ ሥዕሉ ይጠፋል፣ ሕዝቡ ያፏጫል። አንድ መዳፍ ሊቀመንበርነቴን ያተርፍልኛል። መሳሳሙ ሲጀምር እጄን ዘረጋሁ። ሸራው ጨለመ፤ ሥዕሉ መዳፌ ላይ ወድቆ የሁለቱ ፊት እንደ ቴምብር አንሶ ይንቀሳቀስ ነበር።

አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። በጨለማው መሐል የእትዬ ድምፅ በአማርኛ መጣ፤ «አንተ! መብራት ሄደ እንዴ?»

ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ሳል ያቋረጠው ድምፅ፣ «እባክህ፣ አሁን አይሁን!» አለ።

መዳፌን አነሣሁ። ሁለት ሴኮንድ ቢሆን ነው። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ከዚያ በቀር ሰው ፊት በእኔ እጅ ሸራ ጨልሞ አያውቅም።

እናትየዋ ገባች፣ ሁለቱ ቆሙ። ሳቁ የመስኮቴን መስታወት አርገበገበው። ከዘራ የያዘው ሰው የፊቱን ወንበር ጀርባ በሁለት እጁ እየደበደበ ይስቃል፤ እንባው ሲወርድ ከላይ ሆኜ አየሁት። የእኛ ረድፍ ጸጥ አለ። አንዷ ቦርሳዋን ባሏ ዓይን ላይ ደፋች። የሒሳብ ሠራተኛው ተነሣ፣ ሚስቱ ተከተለች፣ ከዚያ አንድ ባንድ ረድፉ በሙሉ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እትዬ ብቻ ቀሩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ተቀመጡ።

ሲያልቅ ወርጄ በሩ ላይ ጠበቅኋቸው።

«ወንድማማቾች አይደሉም አይደል?» አሉኝ።

«አይደሉም እትዬ።»

«ገንዳው ውስጥ ሲገቡ ጠርጥሬ ነበር።»

«ለምን አልወጡም ታዲያ?»

«እናትየዋ ትታረቃቸው እንደሁ ሳላይ? ሃይማኖቴ አይፈቅደውም፣ አልፈቅደውምም። ሳቄ ግን አስፈቅዶኝ አያውቅም። አሁን እስቲ ንገረኝ፣ መጀመሪያ እንዴት ተገናኙ?»

ባለ ከዘራው ከጓደኛው ጋር ግድግዳ ተደግፎ ትንፋሹን ይሰበስብ ነበር። ምን እንደሚሉ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ክፍል አንድን ከመነሻው ጀምሮ ይተርክ ጀመር፣ በእጁም በዓይኑም እያሳየ። እኔ አስተረጎምኩ። ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ከባዱ ያ ነው፤ እሱ አንድ ባለጌ ቃል ሲጥል እኔ ሦስት ጨዋ ቃል ፈልጌ እተካለሁ። እትዬ ግን ከአፌ ሳይሆን ከሰውዬው ፊት ነበር የሚሰሙት።

«ታሟል?» አሉኝ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«እግዜር ይማርህ በልልኝ።»

አልኩለት። ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «ዛሬ አዳራሹን ያሞቁት እሳቸው ናቸው በልልኝ» አለ። ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደረግሁት እኔ መሆኔን ልነግረው ነበር፤ ተውኩት።

በሳምንቱ እሁድ ጋርላንድ፣ አንድ አፓርትመንት ግቢ ውስጥ ባለው አዳራሽ ተሰበሰብን። የሒሳብ ሠራተኛው ቀድሞ ተነሣ። «ሶ፣ እኔ የሰው ስም ማንሣት አልፈልግም። ማለቴ፣ እድር ማለት ኃላፊነት ነው፣ ኦኬ? ሚስቶቻችንን ይዘን የት እንደተወሰድን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።»

ከኋላ አንዱ፣ «እሱን ብንመርጥ ስብሰባውን ገንዳ ውስጥ ያደርግልናል!» አለ። አዳራሹ አወካ። እኔ ሳቅ አውቃለሁ፤ ያ ሳቅ ምን ዓይነት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

ተራዬ ደረሰ። ያዘጋጀሁት ንግግር በኪሴ ነበር፣ ሦስት ገጽ፣ አንድም የፊደል ግድፈት የሌለበት። አላወጣሁትም።

«መጥፎ ቦታው ሲደርስ ለምን አልሸፈንከውም?» አለችኝ ያቺ ባለ ቦርሳዋ። «እናንተ ስትሸፍኑ አገር ቤት አይቻለሁ።»

«ሸፍኜ ነበር» አልኩ። «ከእናንተ ኋላ ግን ያን ለማየት ታምሞ የመጣ ሰው ነበር። የማሳየው ለእሱም ነው። ሳልነግራችሁ መጋበዜ ጥፋቴ ነው፤ እጄን ማንሣቴ ግን ጥፋት አይደለም።»

እጅ አውጡ ተባለ። ለእኔ መጀመሪያ የወጣው የእትዬ እጅ ነበር፣ ቀጥ ብሎ። ዙሪያቸውን እያዩ ጠበቁ። ሌሎች ሦስት እጆች ተከተሉ፤ የቀረው ሁሉ የሒሳብ ሠራተኛው ሆነ። ደብዳቤ ይጽፋል፣ መዝገብ ይይዛል፣ ያን አልነፍገውም። እኔ ብሆን ግን እድሩ ሌላ እድር ይሆን ነበር።

የእትዬ ልጅ ሥራ ላይ ስለነበረች እኔ ሸኘኋቸው። ሐይቁ ላይ ያለው ድልድይ ጋ ስንደርስ ዞር ብለው፣ «ቆጨህ?» አሉኝ።

«ኧረ ምን ይቆጨኛል! አራት ድምፅ ቀላል ነው? ያለ ዲፕሎማ?»

ውኃው በሁለቱም በኩል ያብረቀርቅ ነበር። ድልድዩን ጨርሰን ቤታቸው ወደሚወስደው መንገድ ስንታጠፍ፣ «ቆጭቶኛል» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ቀስ ብለህ ንዳ።»