ሚስማር ላይ ለብቻዋ የተሰቀለች ኩባያ

ማክሰኞ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ዲላ

ማክሰኞ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መኪናው ዲላ በተከራየሁበት ግቢ በር ሲቆም፣ እኔ ከሩብ ሰዓት በፊት ጀምሬ ውጭ ቆሜ ነበር። ሰው እኔን ሲጠብቅ ያስጨንቀኛል። ቦርሳዬ ውስጥ ታብሌት፣ ቻርጀር፣ የዝናብ ልብስ፣ በላስቲክ የተጠቀለሉ የፈቃድ ቅጾችና አንድ ሊትር ውሃ ይዣለሁ። ውሃው ከቀትር በፊት እንደሚያልቅ፣ ማለቁም ጣጣ እንደሚያመጣ ያኔ አላወቅሁም።

ሥራዬ መረጃ መሰብሰብ ነው። በመንግሥት ድጋፍ የሚካሄድ አንድ የጤና ጥናት አለ። በጌዴኦ ዞን ገጠር ቀበሌዎች የሚጥል በሽታና የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ምን ያህል እንደሆኑ፣ ስንቶቹስ ሕክምና እንደሚያገኙ ለማወቅ የሚደረግ ነው። ዕጣ የደረሳቸው ቤቶች ዝርዝር ይሰጠናል፤ እኛ ቤት ለቤት ዞረን እንጠይቃለን። ሰው ፊት መናገር የምትፈራ ልጅ ይህን ሥራ ለምን እንደመረጠች እናቴ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች። መልሴ አንድ ነው፦ ጥያቄው ተጽፎ ስለሚሰጠኝ።

የምተርክላችሁን ሰዎች ስም ቀይሬአለሁ፤ ቤታቸው በየት በኩል እንደሆነም አልናገርም። እንድጽፈው ግን ራሳቸው ፈቅደውልኛል።

ሾፌራችን ጋሽ ተፈራ ዲላ ተወልዶ ያደገ፣ ለስልሳ ጥቂት የቀረው ሰው ነው። ገና በሩን ስዘጋ ጀመረኝ።

«የኔ ልጅ፣ ዛሬም ‹ይከፋዎታል ወይ?› እያልሽ ልትዞሪ ነው?»

«ጥያቄው ላይ ካለ እላለሁ፣ ጋሼ።»

«በቡና ወቅት ማን ይከፋዋል! ክረምት ላይ መጥተሽ ጠይቂ።»

ነገሩ ቀልድ ቢሆንም ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ወቅቱ መልሱን ይቀይረው ይሆን? ለአስተባባሪዬ እነግራለሁ።

1 ሰዓት፣ ወናጎ

መንገዱ ይጠማዘዛል። ከላይ ረጃጅም ዛፎች፣ ከሥራቸው ቡና፣ ከቡናው መሃል እንሰት፤ ቤቶቹ በቅጠሉ ውስጥ ተሸሽገው ጭሳቸው ብቻ ይታያል። ወናጎ ስንደርስ ሚኒባሶች «ይርጋጨፌ፣ ይርጋጨፌ» እያሉ ይጣራሉ፣ ባጃጆች በመሃላቸው ይሾልካሉ። አስፋልቱ ዳር ሙዝና አቮካዶ በየክምሩ ተደርድሯል። ሻይና ሁለት ቦምቦሊኖ በአርባ ብር ገዛሁ። ቦምቦሊኖው ትኩስ ነበር፤ ጣቴ ላይ ዘይቱ ቀረ።

ሻይ የምትሸጠው ሴት መታወቂያዬን አየችና «የጤና ናችሁ? ለወባ ነው?» አለች።

«የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች እየመዘገብን ነው።»

ብርጭቆ የምታጥብበት እጇ ቆመ። «እሱ እኛ ሰፈር የለም» አለችና ወደ ሌላው ደንበኛ ዞረች።

እስከ ዛሬ በዞርኩባቸው ቤቶች ሁሉ የሰማሁት ይህንኑ ነው። እዚህ የለም፤ ምናልባት ከወንዙ ማዶ። ከወንዙ ማዶ ስሄድ ደግሞ ወዲህ ማዶ። ታዲያ ሰዎቹ የት ነው ያሉት? ከዲላ ጀምሮ የማስበው ይህን ነበር።

3 ሰዓት ተኩል፣ ኮንጋ

መኪናው ከሚደርስበት በላይ በእግር ነው። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስቴር መንገድ ዳር ጠበቀችኝ። በእኔ ዕድሜ ናት፣ ግን ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ በየአጥሩ ሥር በጌዴኦኛ ሰላም ሳትባል አታልፍም።

«ጫማሽ ይሄ ነው?» አለችኝ ቁልቁል እያየች። «እሺ፣ ስትንሸራተቺ እኔን ያዢ። ብቻሽን እንዳትወድቂ።»

ቀይ ጭቃ ነው። እሸት ቡና በጆንያ የጫኑ ሞተር ሳይክሎች ቁልቁል እየወረዱ ወደ ቡና ማጠቢያው ይሄዳሉ። ከዚያ የሚመጣው ሽታ፣ የተላጠው ቡና ውሃ ውስጥ የሚብላላበት፣ ጠላ ቤት አጠገብ እንደማለፍ ነው። ከታች ቡናው በሚሰጣባቸው የሽቦ አልጋዎች ዙሪያ ሴቶች ቆመው የሚደርቀውን ቡና ይለቅማሉ።

አስቴርን ጠየቅኳት። «የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጤና ጣቢያው አለ?»

«አለ እንጂ። ሐሙስ ሐሙስ ነርሷ ለእሱ ብቻ ትቀመጣለች።»

«ሰው ይመጣል?»

«ከሩቅ ቀበሌ ይመጣል። የዚህ ቀበሌ ሰው ግን ጎረቤት ያየኛል ብሎ ይቀራል።» ጭቃውን ተሻግራ ዞር አለችና «አንዳንዱን ቤት እኔ አውቃለሁ» አለች። «እነሱ ሳይናገሩ እኔ ብናገር ግን ነገ ለልጆቻቸው ክትባት እንኳ በር አይከፍቱልኝም።»

6 ሰዓት፣ ሦስተኛው ቤት

የቤቱ እመቤት ወይዘሮ አየለች ትባላለች። ባለቤቷ አቶ ጅግሶ ቡና ሊያስረክብ ወርዷል። በረንዳ ላይ ዱካ ሰጠችኝ፣ ፈቃዷን ጠየቅሁ፣ እሺ አለች። ቅጹ የሚጀምረው በቤተሰቡ ዝርዝር ነው፦ በዚህ ቤት የሚኖርና ከአንድ ድስት የሚበላ ሰው ሁሉ።

በቀኝ እጇ ጣቶች ቆጠረች። ጅግሶ፣ እሷ፣ ሁለቱ ወንዶች፣ ትንሿ። አምስቱ ሲያልቁ እጇን ጨበጠችው። «በቃ» አለች።

ቀጠልኩ። ከቤተሰቡ በድንገት ወድቆ ራሱን የሳተ አለ? የለም። ሲወድቅ ምላሱን የሚነክስ? የለም። ሰውነቱ የሚንቀጠቀጥ? የለም። መልሶቿ ጥያቄዬ ሳያልቅ ይመጡ ነበር። የትንሿን ዕድሜ ስላልተማመነችበት የክትባት ካርዷን ልታመጣ ገባች። አስቴር ስልክ አነሳች።

ውሃዬ አልቋል። ጉሮሮዬ ደርቋል። ሰው ማስቸገር አፍራለሁ፤ በዚህ የተነሳ አንዳንዴ ከማስቸገር የባሰ አደርጋለሁ። በረንዳው ጥግ ቧንቧ ያላት ባልዲ አለች፤ ከበላይዋ፣ ግድግዳው ላይ፣ ጠርዟ ሰማያዊ የሆነ ነጭ ኩባያ በሚስማር ተሰቅላለች። ለአላፊ አግዳሚ የተቀመጠች መሰለችኝ። አውርጄ ቀዳሁና በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ነበር።

ዞር ስል ወይዘሮ አየለች በሩ ላይ ቆማለች። ካርዱ ከእጇ ወድቋል።

«ጠጣሽ?»

«ይቅርታ፣ ሳልጠይቅ—»

«ዋጥሽ? ትፊ! ትፊ!»

አስቴር ስልኳን ዘጋች። እኔ ኩባያዋን እንደያዝኩ ቀረሁ። መልሼ ልስቀላት ወይስ ላስቀምጣት አላወቅሁም። ከጓሮው እንሰት መሃል ቢጫ ሻሽ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ አየሁ።

ወይዘሮ አየለች ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። «የልጄ ነው። የብርቱካን ነው» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። «እሷ ይወድቃል።»

ቀሪውን በጌዴኦኛ ተናገረች፣ አስቴር ተረጎመችልኝ። ብርቱካን የመጀመሪያ ልጅ ናት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ላይ እሳት ዳር ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ሳህኗ ለብቻ፣ ኩባያዋ ለብቻ፣ እንግዳ ሲመጣ ጓሮ። አፏ ላይ የሚወጣው አረፋ ይይዛል ስለሚባል። ጎረቤት ቢሰማ ትንንሾቹን ማን ያገባቸዋል? ውሃ ስንቀዳ ማን ያስጠጋናል?

የተማርኩትን ተናገርኩ። በኩባያ አይተላለፍም፣ በምራቅም በመንካትም አይተላለፍም። ክኒን አለ፤ በየቀኑ ሲወሰድ ብዙዎቹን መውደቁ ይቀንስላቸዋል፣ አንዳንዶቹን ጭራሽ ይተዋቸዋል። ይህ ግን ተጽፎ አልተሰጠኝም።

ወይዘሮ አየለች እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ በአማርኛ እንዲህ አለች፦ «ዛሬ ጠጣሽ። ነገ ጠዋት ነይ፣ ልይሽ። ደህና ከሆንሽ፣ ልጄን ጻፊ። ሐሙስም እወስዳለሁ። ካመመሽ ግን አልሰጥም።»

ተስማማሁ። ሌላ ምን እላለሁ? ረቡዕ 3 ሰዓት ወደ ዲላ እንመለሳለን፤ እስከዚያ ካልተመለስኩ የቤቱ ቅጽ በተነገረኝ መሠረት ይዘጋል፦ አምስት ሰው፣ የታመመ የለም። ብርቱካንም እንሰቱ ውስጥ ትቀራለች። በታብሌቱ ላይ «ያልተጠናቀቀ» የሚለውን ነካሁ።

11 ሰዓት ተኩል፣ ይርጋጨፌ

ወደ መኝታችን ስንሄድ ለጋሽ ተፈራ ነገርኩት፤ ማንነታቸውን ሳልጠቅስ። መሪውን እየመታ ሳቀ።

«ሐኪም በአይጥ ይሞክራል ሲባል ሰምቻለሁ። አንቺ በራስሽ ጀመርሽ!»

ከዚያ በእግራችን ወደ ምግብ ቤት ሄድን። እስከ ዛሬ በወጣንበት ሁሉ አንድ ትሪ አዝዘን አብረን ነው የምንበላው፤ እሱም «ብዪ እንጂ፣ አጥንት ሆነሽ እናትሽ እኔን ነው የምትወቅሰኝ» እያለ ሥጋውን ወደ እኔ ይገፋል። አሳላፊው መጣ። ቆጮ በክትፎ አዘዝን።

«ለየብቻ አድርገህ አምጣው» አለ ጋሽ ተፈራ፣ ምናሌውን እያየ።

አየሁት። «ጨጓራዬን ትንሽ...» አለና አላበቃውም።

ሁለት ሳህን መጣ። አልተቀየምኩትም። ደግ ሰው ነው፣ በየጉዞው ለእኔ ሙዝ የሚገዛ ሰው ነው። ግን ሳህኔን እያየሁ ቆየሁ። እኔ ገና አንድ ራት ነው፤ ብርቱካን ስንት ዓመት? ጉርሻ የሚሰጥሽ ሰው ሳይኖር ማደግ ምን ይመስላል? እንዲህ የሚል ጥያቄ ቅጹ ላይ የለም።

እውነቱን ልናገር፣ ክፍሌ ገብቼ ራሴን አዳመጥኩ። እንደማይተላለፍ አውቃለሁ፤ ፈተና ተፈትኜበታለሁ። ቢሆንም ግንባሬን በእጄ ዳበስኩ። ከዚያ በሌላ ነገር ተጨነቅሁ፦ ነገ ጉንፋን ቢይዘኝስ? ያ ክትፎ ሆዴን ቢያሳምመኝስ? ተራ በሽታ ሁሉ ለወይዘሮ አየለች ማስረጃ ነው። በሕይወቴ ጤነኛ መሆን እንደዚያን ቀን ግዴታ ሆኖብኝ አያውቅም። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ እንደገና ኮንጋ

ዘንቦ ነበር ያደረው። ጋሽ ተፈራ በመስታወቱ ሦስቴ አየኝ። «ደህና ነሽ አይደል?» አለ።

«ደህና ነኝ፣ ጋሼ።»

«እኔማ አውቄ ነበር» አለ። ትንሽ ነድቶ ከኪሱ ዳቦ አወጣና ቆርሶ ግማሹን ሰጠኝ፤ ሌላውን ራሱ ጎረሰው። ከትናንቱ ጉዳይ ሌላ ቃል አልተነፈሰም።

ዳገቱን የአስቴርን ክንድ ይዤ፣ እግሬን እየመረጥኩ ወጣሁ። ወይዘሮ አየለች ከአጥሩ ውጭ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ሰላም አላለችኝም። አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ።

«ሌሊት ወደቅሽ?»

«አልወደቅሁም።»

«ምላስ ነከስሽ? አሳይ።»

ምላሴን አወጣሁ። አስቴር ሳቋን ለመያዝ ፊቷን አዞረች።

«ሰውነትሽ ተንቀጠቀጠ?»

«አልተንቀጠቀጠም፣ እማማ።»

ትናንት የጠየቅኳትን ሁሉ በተራዋ ጠየቀችኝ፤ አንድም አልረሳችም። የእኔም መልስ ጥያቄዋ ሳያልቅ ይመጣ ነበር። ሲያልቅባት ለቀቀችኝና ወደ ጓሮ ዞራ ጮክ ብላ ተጣራች፤ ጎረቤት ይሰማል ሳትል።

ብርቱካን መጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቢጫ ሻሽ አስራለች፤ የግራ እጇ ሁለት ጣቶች በቃጠሎ ተጣብቀዋል። ከእኔ የበለጠ ዓይነ አፋር ሰው ሳገኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ ሁለታችንም መሬት መሬት እያየን።

«ለምን ጠጣሽ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ጠምቶኝ ነው።»

«ውሃው ጥሩ ነበር?»

«በጣም ቀዝቃዛ ነበር።»

«እኔ ነኝ የቀዳሁት» አለችና ፈገግታዋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች።

የፈቃድ ቅጹን አነበብኩላት፤ አስቴር በጌዴኦኛ ደገመችው። ካልፈለግሽ መተው ትችያለሽ፣ ማንም አይቆጣሽም የሚለው ላይ ስንደርስ አስቴርን አስደገመቻት። እውነት እኔን ነው የምትጠይቂው? አለችኝ። አንቺን ነው አልኳት። አሰበች፣ ሳትቸኩል፤ ከታች የመኪናው ጡሩምባ ሁለቴ ተነፋ። ከዚያ «እሺ» አለች።

ጥያቄዎቹን ጨረስን። ለሐሙስ የጤና ጣቢያ ወረቀቷን ጻፍኩላት፤ ወይዘሮ አየለች ተቀብላኝ አጥፋ መቀነቷ ውስጥ አሰረችው። ከዚያ የጻፍሽውን አንብቢልኝ አለችኝ።

ታብሌቱን ከፍ አድርጌ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩ፤ እሷም በቀኝ እጇ ጣቶች ተከተለችኝ። ጅግሶ፣ አየለች፣ ሁለቱ ወንዶች፣ ትንሿ። ጣቶቿ አልቀው እጇ ተጨበጠ።

«ብርቱካን» አልኩ።

ግራ እጇን ከነጠላዋ ሥር አወጣችና አውራ ጣቷን ዘረጋች።