አሮጌውም አዲሱም በአንድ ጠረጴዛ

ላሊበላ የሄድኩት በአንድ የቤተ ክርስቲያን ማሠልጠኛ ኮምፒውተር ላስተምር ነው። ሀገሬ ጅማ ነው፤ ቤተሰቦቼን የማገኛቸው በስልክ፣ ያውም ኔትወርክ ሲኖር ነበር። ክፍሌ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ነበሩ። በሁለቱም ላይ የጫንኩት ሊኑክስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት፣ የቆየ፣ ብዙ ሰው የፈተነው ዓይነት ነበር። ፕሮግራሞቹ ያረጁ ቢሆኑም መብራት በድንገት ጠፍቶ ሲመጣ እንኳ ሥራዬን አጉድለውብኝ አያውቁም ነበር። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ አንዴ ከተበላሸ የሚያቃናልኝ መድኃኔ ዓለም ብቻ ነው እል ነበር።

በአንድ የገና ጾም፣ ሁላችንም የኔታ የምንላቸው የዜማ መምህር ወደ ክፍሌ መጡ። ከብልባላ ገጠር ለመጡ ዲያቆናት የገናን ዜማ እያስተማሩ ነበር። ዲያቆናቱ ከበዓሉ በኋላ በእግራቸው ወደየደብራቸው ይመለሳሉ፤ እዚያ የዜማ መጽሐፍ ስለሌላቸው ወረቀት ይዘው ካልሄዱ የተማሩት ይጠፋባቸዋል። እንዳዘጋጅላቸው የጠየቁኝን የዜማውን ቃል በኮምፒውተር ጽፌ ጨርሻለሁ። የቀረው ከፊደሉ ራስ ላይ የሚቀመጠው ጥቃቅን የዜማ ምልክት ነው። የእኔ አሮጌ ፕሮግራም ደግሞ እሱን አይችልም።

"የሚችል የለም?" አሉኝ።

"አዲስ የወጣ አለ ይባላል፣ የኔታ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?"

አዲሱን ሊኑክስ ከነፕሮግራሞቹ የያዘ ዲስክ ወንድሜ ከአዲስ አበባ በመንገደኛ ላከልኝ። በስልክ ሳቀብኝ፦ "አንቺ እኮ ጫማም ቢሆን ሌላ ሰው ካላለሰለሰልሽ አታደርጊም! ሁለቱም ላይ ጫኚውና ተገላገይ።"

የኔታም ከወንድሜ ጋር ወገኑ።

"የኔታ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አልኳቸው። "አዲስ የተገለበጠ መጽሐፍ መቅደስ ሲገባ አሮጌው ወዲያው ይወጣል?"

"ምን ሲደረግ! ከአሮጌው ጋር ሳይናበብ? የጸሐፊው ስሕተት በምን ሊታወቅ?" አሉ። ወዲያው ነገሩ ገብቷቸው ወለሉን በመቋሚያቸው መታ አድርገው ሳቁ። "አይ የጅማ ሰው! በገዛ ሙያዬ አሰርሽኝ።"

አንዱን ኮምፒውተር ብቻ ቀየርኩ። ምልክቶቹ ከየፊደሉ ራስ ላይ ቁጭ ቁጭ ሲሉ የኔታ መነጽራቸውን ወልውለው ደግመው አዩ። ፕሪንተሩ ግን አዲሱን አላውቅህም አለው። ጸልዬም ሞክሬም አንድ ወረቀት አልወጣም። ሁለቱንም ቀይሬ ቢሆን ኖሮ ዲያቆናቱ ባዶ እጃቸውን በሄዱ።

ቃሉን ከአሮጌው ላይ፣ መስመሩን ሰፋ አድርጌ አተምኩ። ምልክቱን ዲያቆናቱ ራሳቸው ከአዲሱ ስክሪን እያዩ በእስክሪብቶ ጨመሩበት። የኔታ ከኋላቸው እየዞሩ፣ "ያንተ ምልክት ፊደሉን ጥሎ ብልባላ ገብቷል፣ መልሰው!" እያሉ ያርሟቸዋል።

በገና ማግስት ዲያቆናቱ ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ተሰናበቱን።

ከወራት በኋላ ወንድሜ የፕሪንተሩን ማስተካከያ በሌላ ዲስክ ላከልኝ። ያንኑ ጽሑፍ አንዱን ከአሮጌው፣ አንዱን ከአዲሱ አትሜ ለየኔታ ሰጠኋቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግተው፣ ጣታቸውን እያስኬዱ እስከ መጨረሻው አናበቧቸው።

"አሁን ይግባ" አሉኝ። ሁለተኛውን ኮምፒውተር ያን ጊዜ ቀየርኩት።