የሃያ ሦስት ገላ፣ የሃያ ሰባት አፍንጫ

ትዳሬ በአንድ የሩሲያ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ስም ምክንያት ሊቀር ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም አሁን እስቃለሁ። ያን ቅዳሜ ግን አሌክሳንድሪያ፣ ወላጆቼ አፓርታማ፣ መኝታ ቤት ገብቼ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ስሰማ ሳቅ የሚባል ነገር አጠገቤ አልነበረም።

እጮኛዬ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ነው፤ እዚያ የመኪና ማቆሚያ ያስተዳድራል። ወላጆቹ አገር ቤት ስለሆኑ ሽማግሌ ሆነው የመጡለት ቤልትስቪል የሚኖሩት አጎቱ ናቸው፤ ሁለት ሰዎች አስከትለዋል። አባዬ ተቀመጡ ሲላቸው በወጉ መሠረት "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ።

"ምን እግር ጣላችሁ?" አለ አባዬ። ምን እግር እንደጣላቸው ጠፍቶት አይደለም፤ ከጠዋት ጀምሮ ሳሎኑን ሲጠርግ የነበረው ራሱ ነው።

አጎትየው ልጁን አመሰገኑ። ሥራ ወዳድ ነው፣ ትልቅ ያከብራል፣ መጠጥ አያበዛም አሉ። እኔ ከበሩ ጀርባ በኩራት አበጥኩ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "የዚህ ልጅ ዋስ እኔ ነኝ" አሉ። "ቃሌም የወታደር ቃል ነው። አየር ኃይል፣ ሚግ ሃያ ሰባት ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ።"

አባዬም በዚያው ዘመን የአየር ኃይል ቴክኒሻን ነበር። በቃ ተገናኙ፣ ነገሬ አለቀ ብዬ፣ አብራኝ ከበሩ ጀርባ የቆመችውን የእናቴን እጅ ጨመቅኩ።

"ሃያ ሰባት ላይ የሠሩት የት ነው?" አለ አባዬ።

"ድሬዳዋ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኛ አገር ሃያ ሰባት ገብቶ አያውቅም። የነበረው ሃያ ሦስት ነው።"

"ወንድሜ፣ በእጄ የነካሁትን ነው የምነግርዎ።"

"እኔስ ደብረ ዘይት በእግሬ ነው የነካሁት?"

እናቴ "በስመ አብ" ብላ አማተበች። ከዚያ በኋላ እኔ ተረሳሁ። ክንፍ ተነሳ፣ መድፍ ተነሳ፣ የሩሲያ አስተማሪዎች ስም እየተጠራ ምስክር ተቆጠረ። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ መጡ፣ እንደቆሙ ሄዱ።

በመጀመሪያ ቀን "እናስብበት" ማለት ወግ ስለሆነ ብዙም አልደነገጥኩም ነበር። ማታ እራት ላይ ግን አባዬ እንጀራውን ሳይነካ "ዋስ የሚሆነው ሰውዬ የሠራበትን አውሮፕላን ስም ካላወቀ፣ ስለ ልጁ የመሰከረውን በምን ልመነው?" አለ። እየቀለደ አልነበረም። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ይህን ሰው እወደዋለሁ፤ እስካገኘው ድረስ ደግሞ የእናቴ ስለት ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር።

እናቴ ተቆጣች። "ሃያ ሦስትም ሆነ ሃያ ሰባት፣ የሚጥለው ያው ቦምብ አይደል?"

አባዬ መነጽሩን አውልቆ ብዙ ጊዜ ጠረገው። ስለዚያ ዘመን በቤታችን የሚወራው ስለ ብሎንና ስለ ዘይት ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈውን እሱ አያነሳም፣ እኛም አንጠይቅም። የቀረችለት የአውሮፕላኑ ስም ብቻ ስለሆነች ይሆናል እንዲህ የያዛት።

እጮኛዬን ኮል አደረግኩት። "አጎቴም አፕሴት ሆነዋል" አለኝ። "ሰው ፊት ውሸታም ተባልኩ፣ ይቅርታ ካልተጠየቅኩ አልመለስም ብለዋል። ግን ጉግል እናድርገዋ፣ ሲምፕል እኮ ነው።"

ሲምፕል! ሰኞ ጠዋት ሜትሮ ባቡር ተሳፍሬ ሥራ እስክደርስ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ሄድኩ፤ መውረጃዬንም አለፍኩት። ሩሲያዎች ለአንድ አውሮፕላን አንድ ስም መስጠት ኃጢአት ይመስላቸዋል መሰለኝ። ፋብሪካው አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ሠራዊቱ ሌላ፣ ለውጭ ሲሸጥ ፊደል ይለጠፍበታል፤ ምዕራባውያኑ ደግሞ ማንንም ሳያማክሩ የራሳቸውን ስም ያወጡለታል። ዛሬ ሱ-34 የሚባለው አውሮፕላን በፊት ሱ-27 አይቢ ነበር፣ መሃል ላይ ሱ-32 ተብሏል። የሱ-25 አንዱ ዝርያ ሱ-39 እየተባለም ይጠራል። እኛ ሰፈር እንዲህ ስም የሚቀያይር ሰው ቢኖር ፖሊስ ይጠራበት ነበር።

የባሰው ደግሞ ፎቶው ነው። አንዱን ፎቶ አንድ ቦታ "ሚግ-23"፣ ሌላ ቦታ "ሚግ-27" ተብሎ አገኘሁትና ያለ ምንም ማብራሪያ ለሁለቱም ሰዎች ሁለቱንም ላክሁ። አባዬ የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ "አላልኩሽም?" ብሎ ጻፈልኝ። አጎትየው ሁለተኛውን አይተው "አየሽ ልጄ!" አሉ። ሁለቱም ደስ አላቸው፤ እኔ ብቻ አዘንኩ።

ሽማግሌ ተልኮባት መልስ የምትጠብቅ ልጅ ሽማግሌው ቤት አትሄድም። እኔ ሄድኩ። አጎትየው በሩን ሲከፍቱ ክው አሉ፤ ግን እንግዳ ነኝና አስገቡኝ።

"ጋሼ፣ እዚያ አውሮፕላን ላይ የእርስዎ ሥራ ምን ነበር?" አልኳቸው።

"አፍንጫው" አሉ፣ ፊታቸው እየበራ። "ማነጣጠሪያው ያለው እዚያ ነው። ወደ ታች ያዘነበለ ነው፣ ልክ እንደ ዳክዬ። አስተማሪያችን የሃያ ሰባት አፍንጫ ነው ብሎ ነው ያስተማረን።"

ከዚያ በቀጥታ ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳሁ። አባዬ ደግሞ ለካ የሠራው ከአየር ማስገቢያው እስከ ጭራው ነው። "ማስገቢያው ውስጥ ያለው ብረት ይንቀሳቀሳል" አለኝ። "የሃያ ሰባት አይንቀሳቀስም። በቃ፣ ክርክር የለውም።"

መኪናዬ ውስጥ ተመልሼ ገብቼ ብቻዬን ጮህኩ። ሁለቱም ልክ ናቸው! ስልኬ ላይ ቆፍሬ እንዳገኘሁት፣ እኛ አገር የገባው ሚግ-23 ቢኤን የሚባለው ነው፤ ገላው የሃያ ሦስት ሆኖ፣ አፍንጫው ሃያ ሰባት ላይ ያለው ዓይነት ነው። አንዱ ፊቱን፣ ሌላው ጀርባውን ሲጠግኑ ኖረው አሁን በእኔ ትዳር ላይ ተጋጩ። ሮጬ ተመልሼ ለአባዬ ስነግረው "አፍንጫ ስም አያወጣም" አለኝ። አጎትየው በስልክ "ልጄ፣ ሰው የሚታወቀው በፊቱ ነው" አሉ። ማስረዳት እዚህ ላይ አበቃ።

ስለዚህ ተገጣጥመው የሚሠሩ አሻንጉሊት አውሮፕላኖችን ከሚሸጥ ሱቅ ሁለት ካርቶን ገዛሁ፣ አንድ ሚግ-23፣ አንድ ሚግ-27። እጮኛዬን "አጎትህ የሠሩበትን አውሮፕላን፣ እንደሠሩበት አድርገህ ሥራላቸው" አልኩት። ልጁ ሕይወቱን ሙሉ ሙጫ ነክቶ አያውቅም። የተጣበቁ ጣቶቹን ፎቶ እያነሳ ይልክልኝ ነበር። አጎቱ መጀመሪያ ከሩቅ ሆነው "ቀስ! ቀስ!" ይሉት ነበር፣ ኋላ ወንበር ስበው ገቡበት። የሃያ ሰባቱን አፍንጫ አስቆርጠው ወደ ቀረው ገላ ሲመጡ ግን ማስገቢያውን በጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱ አለኝ እጮኛዬ። "የሃያ ሰባቱ አይሆንም፣ የእኛው እንዲህ ነበር" ብለው የሃያ ሦስቱን ገላ ራሳቸው አነሱ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲያ አላነሱም።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። እኔም ወደ መኝታ ቤቱ በር ተመለስኩ። አጎትየው አሁንም አንቀመጥም ብለው ቆመው፣ የተጠቀለለውን ነገር ለአባዬ አቀበሉት። ወረቀቱ ሲቀደድ ሰማሁ። መታገስ አቅቶኝ በሩን በጣት ስፋት ገርበብ አደረግኩት።

አባዬ አውሮፕላኗን ወደ መስኮቱ ወስዶ ያገላብጣታል። ክንፏን ወደ ኋላ አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው። ማስገቢያው ላይ ጥፍሩን አሳለፈ። አፍንጫዋ ላይ ሲደርስ ቆየ።

"ይቺ የእኛዋ ናት" አለ ቀስ ብሎ።

"የእኛዋ ናት" አሉ አጎትየው።

"አፍንጫውን ማን ነው የቆረጠው?"

"ልጁ።"

"መጋጠሚያው አይታይም" አለ አባዬ። የእኔን አባት የማያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ምስጋና እንደሆነ አይገባውም። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬን ሳሳየው ያለኝ "ጥሩ ነው" ብቻ ነው። ከዚያ ጎኗን አይቶ ቅንድቡን ሰበሰበ። "ቁጥሯስ? ምንም አልጻፋችሁባትም።"

አጎትየው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስሟን እርስዎ እንዲያወጡላት ብለን ነው የተውነው።"

አባዬ አውሮፕላኗን ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ የእኔ የምረቃ ፎቶ በቆመበት፣ ፎቶዬን ገፋ አድርጎ አስቀመጣት። ወደ መኝታ ቤቱ በር ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

"ስም የሚወጣው ለልጅ ነው" አለ። "የልጅ ልጃችን ሲመጣ ያኔ አብረን እናወጣለን። አሁን ግን እምቢ አይባልም፤ ተቀመጡ።"

እናቴ ከሳሎኑ በኩል እልል ብላ በሩን በአንድ ጊዜ ስትበረግደው፣ ተደግፌው የነበርኩት እኔ ተንደርድሬ ሳሎኑ መሃል፣ ሽማግሌዎቹ እግር ሥር ወደቅኩ።