የሚጠበው ቀሚስ

ልብስ ሰፊው ከሚስቱ ጋር ሲሄድ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይቀራል። ላየው ሰው እግሩን ያመመው ይመስላል። እግሩ ግን ደህና ነው፤ ሥራ የያዘው ዓይኑ ነው። ከትከሻዋ ወደ ወገቧ፣ ከወገቧ ወደ ቀሚሷ የጎን ስፌት ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል። ሰው የሚስቱን ጀርባ እንዲህ አጥብቆ ሲያነብ ማየት ያስደንቃል።

ሚስቱ ከጥቂት ወራት ወዲህ እየከሳች ነው። ሐኪሙ ባለፈው ጊዜ እሷን ውጭ አስቀምጦ፣ "ክብደቷ መቀነሱን ካላቆመ ያሰጋኛል" ብሎታል። ልብስ ሰፊው ይህን ዋጥ አድርጎ ወጣና "ደህና ናት ብሎኛል፤ ሰኞ ደግሞ የምርመራውን ውጤት እኔው እሰማለሁ" አላት። ከዚያ ወዲህ እንዳታውቅ የዘየደው መላ የሙያው መላ ነው። ልብሶቿን በካውያ እንዲተኩስላት ስትሰጠው፣ ሱቁ ወስዶ አስቀድሞ ግራና ቀኙን ጠበብ ያደርጋቸዋል። ቀሚሱ ልክክ እስካለላት ድረስ መክሳቷን በምን ታውቃለች? መስታወት ፊት የምትገተር ሴት አይደለችም።

ቅዳሜ የሁለቱ ቀን ነው። ሱቁ ይዘጋል። መጀመሪያ አዝራር ሊገዙ ገቡ።

"እትዬ፣ ዛሬም ዘበኛሽን አስከትለሽ መጣሽ?" አለቻት ባለ ሱቋ።

"ምን ላድርግ፣ ቤት ብተወው መጋረጃውን ሱሪ አድርጎት ይጠብቀኛል።"

ከዚያ ወደ መናፈሻው አለፉ። ዳማ የእሷ ሱስ ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ቆርኪዎቹን ደርድሮ ይጠብቃታል፤ ባሏ ቦርሳዋን ታቅፎ ከጎኗ ይቀመጣል።

"ዛሬ አልምርሽም!" ሲል ፎከረ ሹፌሩ።

"አንተ ድሮም አውቶቡሱን የምትነዳው በጡሩምባ ብቻ ነበር። ወሬህን ቀንስና ተጫወት።"

ሁለት ቆርኪ በአንድ ዝላይ በልታበት ከት ብላ ልትስቅ ስትል፣ ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። እጇን ጎኗ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ሰበሰበች። ባሏ አየ። በቃ፣ በሽታው መጣ፣ አለ በልቡ።

ምሳ ሰዓት ላይ ዓሣ ቤት ገቡ። ሁለት ጉርሻ ያህል ቀማመሰችና ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

"ትንሽ ጨምሪ እንጂ።"

"አልችልም።"

"እኔ ልሙትልሽ፣ አንዲት ቁራሽ ብቻ።"

ዓይኑ ሲሞላ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አስተናጋጇ ሳህኑን አይታ መጣች። "ምነው ጋሼ፣ ዓሣው አልጣማችሁም?"

"ኧረ ዓሣውስ ግሩም ነው" አለች ሚስቱ፤ ሴትዮዋ እስክትርቅ ጠብቃ ወደ ባሏ ጎንበስ አለች። "ስማኝማ። እርቦኛል እኮ።"

"ታዲያ ብዪ!"

"በየት በኩል ይግባልኝ? ቀሚሱ ሰንጎ ይዞኛል። ከጠዋት ጀምሮ በግማሽ ትንፋሽ ነው የዋልኩት።"

ልብስ ሰፊው ክው አለ። ሜትር ሳይዝ ጨርቅ ነክቶ አያውቅም። የሚስቱን ወገብ ለመለካት ግን አልደፈረም፤ "ምነው?" ብትለው መልስ የለውም። ስለዚህ በዓይኑ ለካ፤ ዓይኑ ደግሞ ፈርቶ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?"

"ከመጀመሪያው ቀሚስ። ስፌት በስፌት ላይ ሲደረብ በጣት ይዳሰሳል እኮ፤ የልብስ ሰፊ ሚስት ይህ ይጠፋታል?"

"ለምን ዝም አልሽ?"

"ልክ ሲሆንልኝ ፊትህ ይበራል። እሱን እንዴት ልንጠቅህ?" እጁን ያዘችው። "ዛሬ ግን በሽታውን ቀድመኸው ሄድክ። እኔ ገና እዚያ አልደረስኩም።"

እሱ አንገቱን ደፋ። ከጎናቸው ሰዎች እየተሳሳቁ ይበላሉ።

"ልቅሶው ይደርሳል። ምላጭህን ይዘሃል?"

በወረቀት ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ይዟት ይዞራል። ወደ እጅ መታጠቢያው ጥግ ሄዱ። እሷ ክንዷን አነሳች፤ እሱ በኮቱ ከለላትና የሰሞኑን ስፌት ጫፉን ፈልጎ ተረተረው። በሌላው ጎንም እንዲሁ። ረጅም ትንፋሽ ሳበች።

"የድሮዎቹንም ፍታቸው።"

"ይሰፋሻል።"

"ይስፋኝ።"

ስፌቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ፤ የጨርቁ እጥፋት ተለቀቀ። ቀሚሱ እሷ ደህና ሳለች ወደነበረው ስፋቱ ተመለሰና ከላይዋ ተንጠለጠለ። ልብስ ሰፊው በጨርቁና በጎኗ መካከል መዳፉን አስገባ። መዳፉ ሳይነካት ገባ።

"ይህን ያህል?" አለ።

"ይህን ያህል።"

ተመልሰው ተቀመጡ። ዓሣውን አልጨረሰችውም፤ ግማሹን ግን ቀስ እያለች በላች። እሱ የራሱን ረስቶ አፏን ያያል።

"ሰኞ አብረን ነው የምንገባው" አለችው ጣቶቿን እየጠረገች። "ሐኪሙ ለእኔ ይነግረኛል። አንተ ከፈራህ ውጭ ትጠብቀኛለህ።"

"እገባለሁ።"

"እንግዲያው እንዳታለቅስ። በሽተኛው አንተ መስለኸው እንዳያስተኛህ።"

እሱ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ሂሳቡን ከፈለ።

ሲወጡ ነፋስ ነበር። ቀሚሱ ነፋስ ገባበትና እንደ ሸራ ተነፋ፤ ወዲያው ደግሞ ተለጥፎባት ምን ያህል እንደከሳች ለመንገደኛው ሁሉ አሳየ። አንዲት ሴት ዞር ብላ አየቻት። ልብስ ሰፊው ልማድ ሆኖበት ጨርቁን ከኋላ ሊሰበስብ እጁን ሰደደ፤ ግን አልነካውም። እሷ የአዝራሩን ከረጢት ወደ ግራ እጇ አዛውራ ቀኙን ሰጠችው። እንደዚያ ተያይዘው፣ ከፊታቸው የሚመጣውን ሰው እያሳለፉ፣ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ቁልቁል ወረዱ።